ከጫማ ካርቶን እስከ 652 ናኖሜትር፦ የስፔክትሮሜትር ሥራ ማስታወሻ፣ ደሴ

ሥራው፦ ግንቦት 8 ከመድረሱ በፊት በደሴ፣ በኩታበር፣ በሐይቅና በኮምቦልቻ አራት የ2ኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን የሚዞር የኦፕቲክስ ሣጥን ማዘጋጀት። ግንቦት 8 የዓለም የብርሃን ቀን ነው፤ ቴዎዶር ሜይማን በ1952 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 1960) የመጀመሪያውን የሩቢ ሌዘር ያበራበት ዕለት። የሚሠሩት የዩኒቨርሲቲው የኦፕቲክስ ላብ የ3ኛና የ4ኛ ዓመት ተማሪዎች፣ ስድስት ሰው። ሣጥኑ ውስጥ የሚገባው፦ 20 የእጅ ስፔክትሮስኮፕ (ብርሃንን በቀለም ዘርዝሮ ለዓይን የሚያሳይ)፣ አንድ የዌብካም ስፔክትሮሜትር (የየቀለሙን የሞገድ ርዝመት በካሜራ የሚለካ)፣ አራት የሌዘር መደብ፣ አንድ የፀሐይ ሣጥን።

ሁለት ግዴታ አስቀምጠናል። መብራት ቢጠፋም መሥራት አለበት። ክፍሉ ባይጨልምም መሥራት አለበት። ያስቸገረን ሁለተኛው ነው፤ ላቡ ውስጥ የሚሠራ ነገር ሁሉ መጋረጃ የሌለው ክፍል ሲገባ ግማሹ ይሞታል።

ሳምንት 1፣ መጋቢት መጀመሪያ። ግሬቲንግ

ግሬቲንግ ብርሃንን በቀለም የሚዘረጋው፣ ጥቅጥቅ ያሉ ጭረቶች ያሉት ስስ ገጽ ነው። የላቡን ለትምህርት ቤት ማውጣት አይታሰብም፤ ጣት አንዴ ካረፈበት አለቀለት። ስለዚህ ዲስክ። ሲዲ በትራኮቹ መካከል 1.6 ማይክሮሜትር አለው፣ ዲቪዲ 0.74። ከ400 (ሐምራዊ) እስከ 700 ናኖሜትር (ቀይ) የሞገድ ርዝመት ያለውን ብርሃን ሲዲው ከ14.5 እስከ 26 ዲግሪ፣ ዲቪዲው ከ33 እስከ 71 ዲግሪ ይዘረጋዋል። ዲቪዲ ተመረጠ።

የሚያገለግለው ባዶው፣ የሚቀዳበት ዲቪዲ ነው። ፊልም ታትሞበት የሚሸጠውን ሞክረን ብረቱ አልለቅ አለ። አሠራሩ፦ ጠርዙን በምላጭ ፈልቀቅ ሲያደርጉት ሁለቱ የ0.6 ሚሊሜትር ሽፋኖች ይለያያሉ። ብረቱ አንዱ ላይ ይቀራል፤ የሚፈለገው ሌላው፣ ሐምራዊ ቀለም የያዘው ነው። አልኮል ውስጥ ሁለት ደቂቃ ሲቆይ ቀለሙ ይለቅና እንደ መስታወት ጥርት ይላል። ከዚያ አራግፎ ማድረቅ ብቻ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት በሶፍት ጠርገን ትራኩን ፈገፈግነው፤ ስፔክትረሙ (የተዘረጋው የቀለም ረድፍ) ጭጋግ ሆነ።

ሲቆረጥ ይሰነጠቃል። ሰባት ቁራጭ ከጣልን በኋላ ነው ሙቅ ውሃ ውስጥ አንድ ደቂቃ ነክሮ በመቀስ መቁረጥ የገባን። ቁራጩ ከዲስኩ የውጭ ጠርዝ ይወሰድ፣ 2 በ2.5 ሴንቲሜትር፤ ወደ መሐል ሲቀርብ የትራኩ ክብነት ስለሚጎላ መስመሮቹ ይጎብጣሉ። ከመቆረጡ በፊት የትራኩ አቅጣጫ በማርከር ምልክት ይደረግበት። ከተቆረጠ በኋላ በዓይን አይለይም፤ በ90 ዲግሪ ተዟዙሮ የተለጠፈ ግሬቲንግ ደግሞ ስፔክትረሙን ወደ ላይና ወደ ታች ይልከዋል። ከአንድ ዲስክ ስምንት ቁራጭ ይወጣል።

ሳምንት 2። ስንጥቅና ካርቶን

ካርቶኑ የጫማ ነው፣ ከጫማ ቤቶች በነፃ። ስንጥቁን (ብርሃን የሚገባበትን ቀጭን ቀዳዳ) መጀመሪያ ካርቶኑ ላይ በከተር ቆረጥነው። ጠርዙ ጸጉራም ሆነ፣ ስፋቱም ከላይ 0.6 ከታች 1.2 ሚሊሜትር። ስንጥቁ ከግሬቲንጉ 20 ሴንቲሜትር ሲርቅ፣ 1 ሚሊሜትር ስፋት ብቻውን እያንዳንዱን መስመር 3.7 ናኖሜትር ያሰፋዋል።

የተሻለው፦ ሁለት ምላጭ ጎን ለጎን ማስቀመጥ፣ መሐላቸው አንድ ተራ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ማስገባት (0.1 ሚሊሜትር ገደማ ነው)፣ ሁለቱን በናስትሮ ማሰር፣ ወረቀቱን ስቦ ማውጣት። መስፋቱ ወደ 0.4 ናኖሜትር ይወርዳል። ለተማሪ እጅ ምላጭ አይሰጥም፤ የተዘጋጀ ስንጥቅ ጀርባውና ጫፉ በናስትሮ ተሸፍኖ ይሄዳል።

ለሙከራ ከሌላ ክፍል የመጡ ተማሪዎች በሣጥኑ ውስጥ አይተው «ምንም የለም» አሉ። ሁሉም በቀጥታ ስንጥቁን ነበር የሚያዩት። በዲቪዲ አረንጓዴው 48 ዲግሪ ወደ ጎን ነው የሚወጣው፤ ፊት ለፊት ያለው ነጭ መስመር ብቻ ነው። ማብራሪያ መለጠፍ አልረዳም። የረዳው የሶፍት ጥቅል ውስጥ ያለውን የካርቶን ቱቦ ጫፉን በ45 ዲግሪ ቆርጦ መመልከቻው ላይ መለጠፍ ነው። ዓይን ሌላ የሚሄድበት የለውም።

ሳምንት 3። ብርሃን የሚያፈስ ሣጥን

ላቡ ውስጥ ያማረው ሣጥን መስኮት አጠገብ ሲቀመጥ ስፔክትረሙ ግራጫ ውስጥ ጠፋ። ምክንያቱ ሁለት። አንደኛ የካርቶኑ ማዕዘኖች ያፈሳሉ፤ በናስትሮ ተዘጉ። ሁለተኛውና ዋናው ውስጡ የተቀባው ጥቁር ቀለም ነው። ቀጥ ብለው ሲያዩት ጥቁር ነው፣ በጠባብ ማዕዘን ሲያዩት ግን ያብረቀርቃል። ስፔክትረሙ የሚታየው ደግሞ ልክ ጎኑ ግድግዳ ላይ ነው።

ብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግንበት፣ ብዙም ለውጥ የለም። የሠራው፦ ከአናጺ ቤት ደቃቅ ሰጋቱራ ወስዶ ነፍቶ፣ ከጥቁር ማት ቀለም ጋር አንድ ለአንድ አዋህዶ መቀባት። ሲደርቅ እንደ ደረቅ አፈር ሻካራ ነው፣ ብርሃን አይመልስም። በተጨማሪ መሐል ላይ 2 ሴንቲሜትር ቀዳዳ ያለው የካርቶን ግድግዳ ገባ። ሰጋቱራው በደንብ ካልተነፋ እየረገፈ ስንጥቁን ይደፍናል፤ ሁለት ሣጥን እንደዚያ ሆኗል፣ የሚታወቀው በስፔክትረሙ ላይ አግድም ጥቁር መስመሮች ሲመጡ ነው።

የመጨረሻው መከላከያ ልብስ ነው። ሣጥኑንና ጭንቅላትን ሸፍኖ ማየት። ነጭ ጋቢ ታጥፎም ያሳልፋል። ጥቁር በርኖስ ግን ድቅድቅ ነው፤ አንድ በርኖስ ከሣጥኑ ጋር በቋሚነት እንዲዞር ተወሰነ።

በዚህ ሁኔታ ስንጥቁ ወደ ብሩህ ደመና ሲዞር (ወደ ፀሐይ በፍጹም አይዞርም) የፍራውንሆፈር ጥቁር መስመሮች (የፀሐይ ከባቢ ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮች ብርሃን የዋጡባቸው ቦታዎች) ይታያሉ፦ 589 ላይ የሶዲየም፣ 517 አካባቢ የማግኒዚየም፣ 486 ላይ የሃይድሮጅን። ከጦሳ ተራራ በላይ የሚቆመው የጠዋት ነጭ ደመና ለዚህ የተመቸ ነው።

ሳምንት 4 እና 5። ዌብካምና ካሊብሬሽን

ጊዜውን የበላው ይኼ ነው። ዌብካም ባለ 1280 ፒክስል፣ 1,900 ብር። ሌንሱ በፋብሪካ ለፊት ገጽ ርቀት ተስተካክሎ በሙጫ ተይዟል፤ ሙጫውን በምላጭ አንስቶ በፒንሳ ቀስ ብሎ ማዞር፣ መስመሩ ሲጠራ መልሶ ማጣበቅ። ካሜራው ወደ 48 ዲግሪ ዞሮ ተተከለ። በዚህ አቀማመጥ አንድ ፒክስል 0.45 ናኖሜትር ያህል ይይዛል።

የብርሃን ምንጭ ለካሊብሬሽን (የትኛው ፒክስል የትኛው የሞገድ ርዝመት እንደሆነ ለመወሰን)፦ አሮጌ ኃይል ቆጣቢ አምፖል (ኤልኢዲ አይሆንም፣ ቀጭን የቀለም መስመር የለውም)። አሁን አሁን ሱቅ ላይ እየጠፋ ስለሆነ ከዕቃ ግምጃ ቤት ነው የተገኘው። ከተሰበረ ሜርኩሪ አለው፤ መስኮት ተከፍቶ በካርቶን ይሰበሰባል እንጂ በመጥረጊያ አይጠረግም።

የመጀመሪያ ሙከራ፦ ሁለት የሜርኩሪ መስመር፣ 435.8 እና 546.1፣ በመሐላቸው ቀጥታ መስመር። አረንጓዴ ሌዘር (532) ሲገባ 531 አነበበ። በጣም ጥሩ ተባለ፣ ተመዘገበ፣ ተጨበጨበ። በማግስቱ ቀዩ ሌዘር (650) ሲገባ 680። መጀመሪያ ሌዘሩ ተወነጀለ፤ ሌላ ቀይ ቀየርን፣ ያው 680።

ጥፋቱ ከሌዘሩ አልነበረም። የፒክስል ቦታ የሚከተለው የማዕዘኑን ታንጀንት ነው፣ የሞገድ ርዝመት የሚከተለው ሳይኑን ነው፤ ሁለቱ በቀጥታ መስመር አይገናኙም። 532 በሁለቱ የታወቁ ነጥቦች መካከል ስለሚወድቅ ስህተቱ 1 ናኖሜትር ብቻ ሆኖ ተደበቀ። 650 ከነጥቦቹ ውጭ ስለሆነ በ30 ተጋለጠ። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል።

መድኃኒቱ ሦስተኛ ነጥብ፦ የዚያው አምፖል ቀይ መስመር፣ 611 ናኖሜትር፣ ከፎስፈሩ (አምፖሉ ውስጥ ከተቀባው አብሪ ዱቄት) ዩሮፒየም የሚመጣ። በሦስቱ ነጥቦች ባለ ሁለተኛ ዲግሪ ቀመር ሲሠራ ቀዩ 652፣ አረንጓዴው 532 ሆነ። ርካሽ ቀይ ሌዘር ራሱ ከተጻፈበት ጥቂት ናኖሜትር ስለሚለያይ 652 ላይ ቆምን።

በመንገድ ላይ የተገኙ ሦስት ሌሎች ጥፋቶች።

ካሜራው መብራቱን በራሱ እያስተካከለ ስለነበር የ546 መስመር ጫፉ ተቆርጦ ጠፍጣፋ ሆነ። ጠፍጣፋ ጫፍ መሐሉ የት እንደሆነ አይታወቅም። ኤክስፖዠር (ካሜራው የሚቀበለው የብርሃን መጠን) እና ኋይት ባላንስ (የቀለም ማስተካከያው) በእጅ መቆለፍ አለባቸው፣ ጫፉ ከ255ቱ የብርሃን ደረጃ ቢበዛ 220 ላይ እንዲደርስ።

የአምፖሉ አረንጓዴ መስመር አንድ አይደለም። ከሜርኩሪው 546.1 አጠገብ፣ 542–544 ላይ የቴርቢየም መስመር አለ። ስንጥቁ ሰፊ ከሆነ ሁለቱ ተዋህደው መሐሉን ወደ 544 ይጎትቱታል፣ ካሊብሬሽኑም አብሮ ይሄዳል። በ0.1 ሚሊሜትሩ ስንጥቅ ይለያያሉ።

የፓይተን ፕሮግራሙ የ40 ረድፍ አማካይ ይወስዳል። ስንጥቁ ለካሜራው ትንሽ ካዘመመ ግን አማካዩ መስመሩን ያሰፋዋል፤ የ3 ፒክስል መስመር 9 ሆኖ አገኘነው። ስንጥቁ በሁለት ብሎን መሐል እንዲዞር ተደርጎ ተስተካከለ።

ይህን ክፍል የያዙት ሁለት የ4ኛ ዓመት ተማሪዎች ካሊብሬሽኑን የመመረቂያ ሥራቸው አደረጉት። የተሳሳተውን 680 ከነግራፉ አስገብተውታል፣ ትክክል አድርገዋል፤ ከ652ቱ ይልቅ የሚያስተምረው እሱ ነው።

ሳምንት 6። ሌዘር

ከገበያ ስድስት የሌዘር ፖይንተር ተገዛ፣ እያንዳንዱ 300 ብር፣ ሁሉም ላይ «ከ5 ሚሊዋት በታች» የሚል ጽሑፍ አለ። በላቡ ፓወር ሜትር ሲለካ ቀዮቹ ከ2 እስከ 3.5 ሚሊዋት። ሁለቱ አረንጓዴዎች 31 እና 38፤ ከፊሉ ጭራሽ የማይታይ ኢንፍራሬድ ነው። የአረንጓዴ ፖይንተር አሠራር እንዲህ ነው፦ የ808 ዳዮድ ክሪስታሉን ይመታል፣ ክሪስታሉ 1064 ያወጣል፣ የዚያ የሞገድ ርዝመት ደግሞ በግማሽ አጥሮ 532 ይሆናል። በርካሾቹ ውስጥ ኢንፍራሬዱን የሚያስቀር ፊልተር የለም። አረንጓዴዎቹ ከላብ እንዳይወጡ ተከለከለ። ለቀዮቹ ከፊታቸው ጠቆር ያለ ፊልም ተለጥፎ ከ1 ሚሊዋት በታች ወረዱ። መደቡ የሚቀመጠው ከተቀመጠ ተማሪ ዓይን ዝቅ ብሎ፣ ጨረሩ ወደ ግድግዳ ነው።

ትንንሾቹ ባትሪዎች በሁለት ክፍለ ጊዜ አለቁ። በሦስት ተራ የእጅ ባትሪ ድንጋይ ተተኩ፣ ቮልቴጁ ያው 4.5 ነው። ሁለት ሌዘር በደቂቃ ውስጥ ተቃጠለ። ርካሽ ፖይንተር ከረንቱን የሚገድበው በትንንሾቹ ባትሪዎች የውስጥ ሬዚስታንስ ነው፤ ትልቁ ድንጋይ ያን ያህል የለውም፣ የተጠየቀውን ሁሉ ይሰጣል። ከ10 ኦም ጀምሮ ሬዚስተር እየጨመርን፣ ከረንቱን እየለካን፣ 25 ሚሊአምፔር ላይ ስንደርስ ቆምን። ከዚያ ወዲህ የተቃጠለ የለም። ኪሳራ 600 ብር።

ሚያዝያ። የመጀመሪያው ትምህርት ቤት፣ ደሴ

የጸጉር ውፍረት መለካት። ጸጉር በካርቶን መስኮት ላይ ይወጠራል፣ ሌዘር ይመታዋል፣ ግድግዳ ላይ ብሩህና ጨለማ ነጠብጣብ ይደረደራል። ቀመሩ፦ ውፍረት = የሞገድ ርዝመት × ርቀት ÷ በተከታታይ ጨለማዎች መካከል ያለ ክፍተት። ርቀት 3 ሜትር፣ ክፍተት 28 ሚሊሜትር፣ ውጤት 70 ማይክሮሜትር ገደማ።

ከስምንት ቡድን አምስቱ 35 አመጡ። ቁጥሩ በትክክል ግማሽ ስለሆነ ምክንያቱ ወዲያው ተገኘ፦ ከመሐሉ ብሩህ ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት ጨለማዎች ለክተዋል፣ ያ ክፍተት እጥፍ ነው። ከዚያ ወዲህ መመሪያው ተቀይሯል፦ በግራ ከአራተኛው ጨለማ እስከ በቀኝ አራተኛው ለካ፣ ለ8 አካፍል። ስህተቱ ይወገዳል፣ የማስመሪያው የንባብ ስህተትም በስምንት እጥፍ ይቀንሳል።

ክፍሉ አልጨለመም፤ አራተኛው ጨለማ አልታየም። ግድግዳው ላይ ሳይሆን ጥልቅ ካርቶን ውስጥ በተለጠፈ ነጭ ወረቀት ላይ ሲጣል ታየ። የበርኖሱ ሥራ እዚህም ጠቀመ።

ስለ ቆጠራ አንድ ነገር። ሪፖርት ላይ «ይህን ያህል መቶ ተማሪ ተደረሰ» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፣ በር ላይ የቆመም ይቆጠራል። እኛ የምንቆጥረው ያለ እኛ የተሠራውን ሣጥን ነው። ለዚህ ሲባል በየትምህርት ቤቱ 5 ሣጥን ከነግሬቲንጉ ይቀራል፣ ተጨማሪ 10 ያልተገጠመ ግሬቲንግና ስንጥቅ በፖስታ ውስጥ፣ እንዲሁም አንድ የ3ኛ ዓመት ተማሪ ያዘጋጀችው 12 ገጽ የአማርኛ መመሪያ። ግማሹ ገጽ «ሲበላሽ» የሚል ነው።

ሚያዝያ መጨረሻ። ኮምቦልቻ

ሣጥኑ በሚኒባስ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ደረሰ። ዌብካሙ በሆት ግሉ የተያዘ ነበር። ደሴ ላይ ድንጋይ የሆነው ሙጫ ኮምቦልቻ፣ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ጣሪያ ሥር ለሰለሰ። የ546 መስመር በ14 ናኖሜትር ተንሸራቶ ተገኘ፣ ይህም ካሜራው 1.6 ዲግሪ ያህል ዞሯል ማለት ነው። ክፍል ውስጥ በአምፖሉ ካሊብሬሽኑ እንደገና ተሠራ፣ 20 ደቂቃ ጠፋ። ያን ሃያ ደቂቃ ተማሪዎቹ ከበው አዩት፤ ከታቀደው ማሳያ ይልቅ ጥያቄ የበዛው እዚያ ላይ ነበር፣ «እናንተስ በምን አወቃችሁ?» የሚለውን ጨምሮ።

ማስተካከያ፦ ካሜራው በእንጨት ግንድ ላይ በሁለት ብሎን፣ ግሬቲንጉ በእንጨት ፍሬም ውስጥ። ሆት ግሉ ከዚህ በኋላ ለሽቦ ብቻ። ከመነሳት በፊትና ከደረሱ በኋላ የ546 ቦታ በደብተር ይጻፋል።

ግንቦት 8። ሐይቅ

የፀሐይ ሣጥን፦ 1.40 ሜትር ርዝመት ያለው፣ ሦስት ካርቶን የተቀጣጠለ፤ በአንዱ ጫፍ በፎይል ላይ በመርፌ የተበሳ ቀዳዳ፣ በሌላው ነጭ ወረቀት። የፀሐይ ምስል ስፋት የርቀቱ 108ኛ ያህል ነው፣ እዚህ 13 ሚሊሜትር። 150 ሚሊዮን ኪሎሜትር × 13 ÷ 1400 ሲሆን የፀሐይ ስፋት 1.39 ሚሊዮን ኪሎሜትር ይወጣል። ቀዳዳው 1 ሚሊሜትር ከሆነ ምስሉን በ1 ያሰፋዋል፤ 14 ብለው የለኩ ቡድኖች 1.5 ሚሊዮን አገኙ። ቀዳዳውን ቀንሱ ተባሉ፣ ደረሱበት።

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ ያለፈውን የቀለበት ግርዶሽ ያስታወሱ ተማሪዎች ነበሩ፤ ያን ዕለት በዛፍ ሥር መሬቱ ላይ የወደቁት ቀለበቶች ከዚህ ሣጥን ጋር አንድ ነገር ናቸው፣ በቅጠሎች መሐል ያለው ክፍተት ሁሉ ቀዳዳ ነው። ከሰዓት በኋላ ደመና ገባ፣ የፀሐይ ሣጥኑ ቆመ፣ ወደ ስፔክትሮስኮፕ ተዞረ። ለደመናማ ቀን የተዘጋጀ ሁለተኛ ዕቅድ ሁልጊዜ ይያዝ።

ሰኔ። የኩታበር ክበብ

የሳይንስ ክበቡ የእኛን ሣጥን አይቶ የራሱን ዌብካም ስፔክትሮሜትር ሠርቷል፣ ከቆራሌ በተገኘ የተሰበረ ላፕቶፕ ካሜራ። ውስጡን የቀባው በከሰል ዱቄትና በኮላ ነው፤ ከሰጋቱራው አይተናነስም፣ ርካሽ ነው።

ያመጡት ጥያቄ የጎመን ቅጠል በአልኮል ተዘፍዝፎ የትኛውን ብርሃን እንደሚውጥ ነበር። ግራፋቸው 480 ላይ ትልቅ ጉድጓድ አሳየ፣ «ጎመን 480 ይውጣል» ተባለ። የተጠቀሙት ነጭ የኤልኢዲ ባትሪ ነው። ነጭ ኤልኢዲ 450 አካባቢ ሰማያዊ ጫፍ አለው፣ ከዚያ ፎስፈሩ የሚያወጣው ሰፊ ቢጫ፤ በሁለቱ መሐል፣ 480 ላይ፣ የራሱ ብርሃን ደካማ ነው። ጉድጓዱ የአምፖሉ ነበር። ባዶ አልኮል ብቻ የያዘ ብርጭቆ አስቀድሞ ተለክቶ፣ የጎመኑ ንባብ በእሱ ሲካፈል የ480ው ጠፋ፣ 665 አካባቢ እውነተኛው የክሎሮፊል ጉድጓድ ወጣ። ሰማያዊው ወገን፣ 430 አካባቢ፣ በዚህ ባትሪ አይለካም። በፍላመንት አምፖል ደግሞ እዚያ ብርሃኑ ደካማ ስለሆነ ንባቡ ይንቀጠቀጣል። ኤክስፖዠር አራት እጥፍ አድርገው በድጋሚ እየሞከሩ ነው።

ወጪ እስካሁን፦ ዲቪዲ 10 × 60 = 600፣ ናስትሮና ምላጭ 250፣ ቀለም 450፣ ዌብካም 1,900፣ ሌዘር 1,800፣ ድንጋይና ሬዚስተር 400፣ አልኮል 300፣ መጓጓዣ 1,450። ጠቅላላ 7,150 ብር።

ያልተሠራ፦ ክረምቱ ሲገባ ካርቶኑ እርጥበት ይስባል፣ ስንጥቁንና ግሬቲንጉን ያዛምማል። አንድ ሣጥን በአሮጌ የፒቪሲ ቱቦ ተጀምሯል። የቱቦው ውስጥ እጅግ ያብረቀርቃል፣ የሰጋቱራው ቀለም ደግሞ ፒቪሲ ላይ ይላጣል፤ መጀመሪያ በሻካራ ብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ሊሞከር ነው። በርኖሱ ሐይቅ ትምህርት ቤት ቀርቷል፣ ከመስከረም በፊት ይምጣ።